ደንበኛው ሲከስር ማን ያተርፋል? የኢንተርኔት ደላሎች ከባኬት ሾፕ እስከ ሮቢንሁድ

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2017 በአሜሪካ የፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ) ንግድ ስመ ጥር የነበረው ኤፍኤክስሲኤም የተባለ የኒው ዮርክ ኩባንያ ከአገሪቱ ገበያ ተባረረ። የ7 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት፤ ዳግመኛ ለፈቃድ እንዳያመለክት ታገደ፤ የአሜሪካ ደንበኞቹ ሂሳብም ጌይን ካፒታል ወደተባለ ተፎካካሪው ተዛወረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የደንበኛ ተቀማጭ ሰርቀሃል አልተባለም። የቀረበበት ክስ ሌላ ነው፤ መሀል ሆኜ አገናኛለሁ እንጂ በደንበኞቼ ተቃራኒ አልቆምም እያለ ሲያስተዋውቅ፣ በተቃራኒ ከሚቆመው ድርጅት ጋር ትርፍ ሲካፈል ኖሯል የሚል ነው።

ቤት ሊያከራይህ ይዞህ የዞረ ደላላ፣ መጨረሻ ላይ ያሳየህ ቤት ለካ የራሱ ሆኖ ሲገኝ እንደ ማለት ነው። ኪራዩ በወደደ ቁጥር የሚጠቀመው እሱ ነው፤ ለአንተ ግን ባለቤቱን ለምኜ አስቀነስኩልህ ይልሃል። የኢንተርኔት ብሮከሮች ባለፉት 25 ዓመታት የቀረበባቸው ክስ ብዙ ነው፤ የሕግ ስያሜውም እንደየአገሩ ይለያያል። ሲገላለጥ ግን አብዛኛው የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ደንበኛው ሲከስር ማን ያተርፋል?

ጥያቄው ኢንተርኔትን ይቀድማል። የአክሲዮን ዋጋ በቴሌግራፍ ሽቦ ተልኮ ቀጭን ወረቀት ላይ የሚያትመው ቲከር የተባለ መሣሪያ በ1867 ኒው ዮርክ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ለማየት ዎል ስትሪት ድረስ መሄድ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ በትልልቁም በትንንሹም የአሜሪካ ከተማ ባኬት ሾፕ የሚባሉ ቤቶች ተከፈቱ። ቤቱ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ጠመኔ የያዘ ልጅ ከሽቦው የመጣውን ዋጋ እየሰማ ይጽፋል፣ ያጠፋል። ደንበኛው ጥቂት ዶላር አስይዞ የዚህን ባቡር ኩባንያ አሥር አክሲዮን ግዛልኝ ይላል። ደረሰኝም ይቀበላል። የተገዛ አክሲዮን ግን የለም። ትዕዛዙ ከቤቱ ደጃፍ አልወጣም። ዋጋው ከወጣ ባለሱቁ ከኪሱ ይከፍላል፤ በትንሹ እንኳ ከወረደ ደንበኛው ያስያዘው ገንዘብ እዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚከስር ንግዱ አዋጭ ነበር። ከተማው ሁሉ ባንድ ጊዜ ያሸነፈ ቀን ደግሞ ባለሱቁ በሌሊት ዘግቶ ይሰወራል።

ጄሲ ሊቨርሞር የሚባለው ዝነኛ ነጋዴ በልጅነቱ ገንዘብ ማግኘት የጀመረው እነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። አዘውትሮ ስላሸነፈ ባለሱቆቹ እየለዩ አባረሩት፤ ስም እየለወጠ ሌላ ከተማ ሄዶ እስከ መጫወት ደርሶ ነበር። ይህችን ነገር ልብ ይሏል። ዛሬ ብዙ የፎሬክስ ብሮከሮች ደንበኞቻቸውን ሁለት ቦታ ይከፍላሉ። የሚያሸንፉትን ትዕዛዝ ወደ ውጭው ገበያ ያስተላልፋሉ፤ የሚከስሩትን እዚያው ቤታቸው ውስጥ ያስቀራሉ። በሙያው ቋንቋ የመጀመሪያው ኤ-ቡክ፣ ሁለተኛው ቢ-ቡክ ይባላል። ሊቨርሞርን በር ላይ ቆሞ ይመልሰው የነበረው ሰው ሥራ ዛሬ በሶፍትዌር ይሠራል።

ባኬት ሾፕን የገደለው ሕጉ ብቻውን አይደለም። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ1908 የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እኔ ግን ይበልጥ ወሳኝ የሚመስለኝ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1905፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። የቺካጎ የእህል ገበያ፣ በእኔ ግቢ የሚወጣው ዋጋ የእኔ ንብረት ነው፣ ላልፈቀድኩለት ሰው በሽቦ ሊሰጥ አይገባም ብሎ ተሟገተ፤ ረታም። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ ነበሩ። ትኩስ ዋጋ የሌለው ባኬት ሾፕ ሰሌዳው ባዶ ነው። ሽቦው ተቆረጠ፤ ንግዱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተመናመነ ሄደ። ዘጠና ዓመት ቆይቶ ኢንተርኔት የዓለምን ዋጋ ሁሉ በነፃ ለሁሉ ሲበትነው ያ የተቆረጠ ሽቦ መልሶ እንደሚቀጠል ያሰበ ሰው ብዙ አልነበረም።

በመሀል ያለውን ዘመን ቶሎ ልለፈው። ከ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት በኋላ፣ በ1934፣ ኤስኢሲ እየተባለ የሚጠራው የሰነደ መዋዕለ ንዋይና የገበያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመጀመሪያው ሊቀመንበር አድርገው የሾሙት ራሱ በአክሲዮን ቁማር የከበረውን ጆሴፍ ኬኔዲን መሆኑ ያኔም አነጋግሮ ነበር። የደላሎች ኮሚሽን ግን እስከ 1975 ድረስ በስምምነት የተተመነ ነበር፤ የዚህ ሥርዓት መነሻ በ1792 ኒው ዮርክ ውስጥ 24 ደላሎች የፈረሙት ውል ነው። ሜይ 1 ቀን 1975 ኤስኢሲ ይህን ሻረ። እንደ ቻርልስ ሽዋብ ያሉ ርካሽ ደላሎች በተከፈተው በር ገቡ።

ቢል ፖርተር የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው በ1982 ትሬድ ፕላስ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ኩባንያው እንደሚተርከው የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ትዕዛዝ በ1983 የላከው ሚሺጋን የሚኖር አንድ ሐኪም ነው። ከዚህ ድርጅት የወጣው ኢ-ትሬድ በ1996 በድረ ገጽ መሸጥ ጀመረና በዚያው ዓመት የራሱን አክሲዮን ለሕዝብ አቀረበ። ድሮ በመቶ ዶላር የሚቆጠረው ኮሚሽን ከ15 ዶላር በታች ወረደ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ምሳ የሚበላ ደላላ ስልክ እስኪያነሳ መጠበቅ ቀረ።

የመጀመሪያው ሰፊ ምርመራም ብዙ አልዘገየም። በ1999 መጀመሪያ የኢ-ትሬድ ሥርዓት በተደጋጋሚ ተቋረጠ፤ ሰዎች ዋጋ ሲወርድ እያዩ መሸጥ አቃታቸው። የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤሊዮት ስፒትዘር የደንበኞችን አቤቱታ ሰብስበው መረመሩና በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሪፖርት አወጡ። የሥርዓት መቋረጥ፣ ያልተፈጸመ ትዕዛዝ፣ ስልክ የማያነሳ የደንበኞች አገልግሎት፣ የተጋነነ ማስታወቂያ፤ ዛሬ ስለማንኛውም የግብይት መተግበሪያ የሚነሳው ወቀሳ ባብዛኛው እዚያው ይገኛል። የማስታወቂያው ነገር በተለይ የሚገርም ነበር። በአንደኛው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተበላሸ መኪና የሚጎትት ሾፌር በኢንተርኔት ንግድ ደሴት ገዝቶ ይታያል። የኤስኢሲ ሊቀመንበር የነበሩት አርተር ሌቪት እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ በአደባባይ ነቀፉ። ከዚያ በላይ ብዙ አልተሄደም። ናዝዳክ የተባለው የአክሲዮን ገበያ መለኪያ በማርች 2000 ከ5,000 ነጥብ በላይ ደርሶ በኦክቶበር 2002 ወደ 1,100 ገደማ ሲወርድ ደሴት የገዛ ሾፌር አልታየም።

ኮሚሽኑ እንዲህ ካነሰ ደላላው በምን ይኖራል? መልሱን ቀድሞ ያገኘው፣ የሚያስገርመው፣ በርናርድ ሜዶፍ ነው። በኋላ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የማጭበርበር መዝገቦች በአንዱ ተከስሶ በ2009 የ150 ዓመት እስራት የተፈረደበት ያው ሜዶፍ። በ1980ዎቹ ሕጋዊ በሆነው የንግዱ ክፍል ለሌሎች ደላሎች እንዲህ አለ፤ የደንበኞቻችሁን ትዕዛዝ ወደ እኔ ላኩ፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን አንድ ሳንቲም እከፍላችኋለሁ። እሱ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ያተርፋል። ያልሠለጠነ ግለሰብ የሚልከው ትንሽ ትዕዛዝ ለእንዲህ ያለው ገዢ ምርጥ ምግብ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ አዩት፣ ተከራከሩበት፣ እስከተገለጸ ድረስ ይፈቀዳል ብለው ተዉት። ያቺ ሳንቲም ወደኋላ ትመለሳለች።

ወደ ፎሬክስ እንምጣ፤ ምክንያቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የጨለመው ክፍል እሱ ነው። አክሲዮን ሲገበያዩ አንድ የታወቀ ገበያ አለ፤ ዋጋው ተመዝግቦ ይታያል። የውጭ ምንዛሪ ግን በባንኮች መካከል የሚካሄድ፣ ማእከል የሌለው ንግድ ነው። ግለሰቡ በኮምፒውተሩ ላይ የሚያየው ዋጋ ብሮከሩ ያሳየው ዋጋ ነው፤ ባኬት ሾፑ ውስጥ የተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ማለት ነው። ላዩ ላይ ሌቨሬጅ ይጨመራል። 1,000 ዶላር ያስያዘ ሰው በ100,000 ዶላር እንዲነግድ ይፈቀድለታል፤ ያኔ ዋጋው 1 ከመቶ ቢንቀሳቀስበት ያስያዘው ሁሉ ያልቃል። በ2000 ኮንግረስ ያጸደቀው ሕግ ዘርፉን በግማሽ ብቻ ሸፈነው። ሲኤፍቲሲ፣ ማለትም የሸቀጦች የፊውቸርስ ግብይት ኮሚሽን፣ ጥርት ያለ ሥልጣን ያገኘው በ2008 ነው። በ2010 ኮሚሽኑ ሌቨሬጁን 10 እጥፍ ላይ ልገድበው ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ በሺዎች የሚቆጠር ተቃውሞ ጎረፈለት፤ መጨረሻ ላይ 50 እጥፍ ላይ ተስማማ። ብሮከሮቹ በየሩብ ዓመቱ ስንት ደንበኛ እንዳተረፈ እንዲገልጹም ታዘዙ። የወጣው ቁጥር አሳፋሪ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ሂሳብ ሁለቱ ገደማ ከስሯል።

ኤፍኤክስሲኤም የተመሠረተው በ1999 ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከባለድርሻዎቹ አንዱ ሪፍኮ ነበር። ሪፍኮ በኦገስት 2005 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ በኦክቶበር የፈረሰ ትልቅ የፊውቸርስ ደላላ ነው፤ የሥራ አስፈጻሚው ፊሊፕ ቤኔት 430 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ከመጽሐፉ መደበቁ ሲጋለጥ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ወደቀ፤ ቤኔትም በ2008 የ16 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኤፍኤክስሲኤም ከዚህ ፍርስራሽ ተርፎ አደገ፤ በ2010 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ።

ያደገበት መፈክር ዲሊንግ ዴስክ የለንም የሚል ነበር። ዲሊንግ ዴስክ ማለት ትዕዛዝህን ተቀብሎ በተቃራኒ የሚቆምልህ የብሮከሩ የራሱ ክፍል ነው። እኛ ዘንድ ያ የለም፣ ትዕዛዝህን ለባንኮች እናስተላልፋለን፣ የተሻለ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል፣ እኛ ጥቂት ኮሚሽን ብቻ ነው የምንወስደው ይሉ ነበር። የባኬት ሾፕ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አይገኝም። ብዙ ደንበኛ የመጣው በዚህ ቃል ነው።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው በዋጋ መንሸራተት ነው፤ ስሊፔጅ የሚሉት። ትዕዛዝ ከተላከበት እስከተፈጸመበት ባለው ቅጽበት ዋጋ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴ ለደንበኛው ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ይጎዳዋል። በ2011 ብሔራዊ የፊውቸርስ ማኅበር የተባለው የዘርፉ ተቆጣጣሪ ኩባንያውን 2 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። በ2014 ደግሞ የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረበት። የእንግሊዞቹ ውሳኔ ቀጥተኛ ነው፤ ከ2006 እስከ 2010 ዋጋው ደንበኛውን ሲጎዳ ጉዳቱን ደንበኛው ተሸክሟል፤ ሲጠቅም ግን ጥቅሙን ኩባንያው ወስዷል። ወደ 6 ሚሊዮን ፓውንድ ለደንበኞች እንዲመለስ ታዘዘ። ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ሥርዓት እንዴት ከአራት ዓመት በላይ ሳይታይ ቆየ ቢባል፣ እያንዳንዱ ደንበኛ የሚያየው የራሱን ትዕዛዝ ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ መንሸራተት ዕድል ይመስላል። አድልዎው የሚታየው መቶ ሺህ ትዕዛዝ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው፤ ያን ማስቀመጥ የሚችለው ደግሞ ተቆጣጣሪው ብቻ ነው።

ትልቁ ምስጢር ግን ገና አልወጣም ነበር። በሲኤፍቲሲ ውሳኔ መሠረት ኤፍኤክስሲኤም በራሱ ቤት ውስጥ አንድ የግብይት ሥርዓት አስጀመረ፤ ከዚያም ሥርዓቱ ኤፌክስ ካፒታል በሚባል፣ በቀድሞ ሠራተኛው ስም በቆመ ድርጅት በኩል ወደ ውጭ ወጣ። ይህ ድርጅት የኤፍኤክስሲኤም ደንበኞች ትዕዛዝ ዋነኛ ተቀባይ ሆነ፤ ደንበኛው ሲሸጥ ይገዛል፣ ሲገዛ ይሸጣል። ከዚህ ንግድ ካገኘው ገቢ ውስጥ 70 ከመቶ ገደማውን ለኤፍኤክስሲኤም ይመልስ ነበር። ከ2010 እስከ 2014 በዚህ መንገድ የተከፈለው 77 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ዲሊንግ ዴስኩ አለ፤ ጎረቤት ግቢ ተዛውሯል እንጂ። መርማሪዎች ስለ ግንኙነቱ ሲጠይቁ ኩባንያው የተሳሳተ መልስ መስጠቱም በውሳኔው ላይ ሰፍሯል። ኩባንያውና ድሩ ኒቭን ጨምሮ ሁለት መሥራቾቹ ጥፋቱን ሳያምኑም ሳይክዱም ተስማምተው ወጡ።

ሰባት ሚሊዮንንና ሰባ ሰባት ሚሊዮንን አንባቢው ራሱ ያመዛዝን። እርግጥ ነው፣ ከቅጣቱ ይልቅ የጎዳው ከገበያ መባረሩ ነበር፤ ወላጅ ኩባንያው ስሙን ግሎባል ብሮከሬጅ ብሎ ቢለውጥም በዚያው ዓመት ዲሴምበር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከአሜሪካ ውጭ ግን ኤፍኤክስሲኤም የሚለው ምልክት በሌሎች ባለቤቶች እጅ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ በፊት ግን ኩባንያው አንድ ጊዜ ከሞት አፋፍ ተመልሷል፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ለሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሲጠብቅ ቆይቶ ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ጠዋት ያለማስጠንቀቂያ ተወው። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። በ50 እና በ100 እጥፍ ብድር የነገዱ ሰዎች ያስያዙት አልቆ ባለዕዳ ሆኑ። የኤፍኤክስሲኤም ደንበኞች ዕዳ 225 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ሉካዲያ የተባለ ባለሀብት ድርጅት በማግስቱ 300 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ አዳነው። የዌስት ሃም ዩናይትድ ማሊያ ላይ ስሙ የነበረው የለንደኑ አልፓሪ አበዳሪ አላገኘም፤ በዚያው ሳምንት ወደቀ። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ እውነት አለ። ለደንበኛው በተቃራኒ የቆመ ብሮከር በዚያን ቀን ከደንበኛው ኪሳራ አትርፎ ሊሆን ይችላል፤ ትዕዛዙን በሐቅ ለባንክ ያስተላለፈው ነው ደንበኛው ያልከፈለውን ለባንኩ ከኪሱ የከፈለው።

ፎሬክሱ ቢያንስ ፎሬክስ ነበር። ባይነሪ ኦፕሽን የሚባለው ግን ራቁቱን የወጣ ውርርድ ነው። ወርቅ በሚቀጥሉት አምስት ደቂቃዎች ይወጣል ወይስ ይወርዳል? ካወቅህ ከውርርድህ 70 ወይም 80 ከመቶ ይጨመርልሃል፤ ካላወቅህ ሁሉንም ታጣለህ። ሂሳቡን የሠራ ሰው ደጋግሞ የተጫወተ ሁሉ እንደሚከስር ወዲያው ያያል። የቆጵሮስ ተቆጣጣሪ በ2012 ይህን የፋይናንስ ምርት ነው ብሎ ፈቃድ መስጠት ጀመረ። ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆነች አንድ ፈቃድ የመላው ኅብረት በር መክፈቻ ሆነ። ሻጮቹ ግን ባብዛኛው እስራኤል ውስጥ ነበሩ፤ በየስልክ ማእከሉ ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያ፣ ከላቲን አሜሪካ ገና የመጡ፣ ቋንቋ እንጂ ሥራ ያላገኙ ወጣት ስደተኞች ተቀጠሩ። የሐሰት ስም ተሰጣቸው፤ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ተቀምጠው እንደሚደውሉ እንዲናገሩ ተነገራቸው።

በ2016 ታይምስ ኦፍ እስራኤል የተባለው ጋዜጣ ነገሩን በዝርዝር አጋለጠው። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ቀደም ብሎ ለእስራኤላውያን መሸጥን ከልክሎ ነበር፤ ለውጭ ሰው መሸጡ ግን አልተነካም። ይህ ዓይነት ክልከላ ለእኔ ከዝምታ ይብሳል፤ ጉዳቱ ታውቋል፣ ተጎጂው ብቻ ነው የተመረጠው። የእስራኤል ምክር ቤት ኪነሴት ሙሉ በሙሉ የሚከለክለውን ሕግ ያጸደቀው በኦክቶበር 2017 ነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ሊ ኤልባዝ የተባለች፣ ዩኮም ኮሙኒኬሽንስ የሚባል የባይነሪ ኦፕሽን ሻጭ ድርጅት ሥራ አስፈጻሚ ኒው ዮርክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዛ ነበር። በሜሪላንድ ፍርድ ቤት የተሰማው ምስክርነት የዘርፉን አሠራር ገለጠው። ሻጮቹ ስለ ትምህርታቸውና ልምዳቸው ይዋሻሉ፤ እኛ የምናተርፈው እናንተ ስታተርፉ ነው ይላሉ፤ ገንዘቡን ላውጣ ያለውን ደንበኛ በሰበብ ያመላልሳሉ። የደረሰው ኪሳራ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ተባለ። በዲሴምበር 2019 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደባት።

የአውሮፓ የሰነዶችና የገበያዎች ባለሥልጣን በ2018 ባይነሪ ኦፕሽንን ለግለሰቦች መሸጥ ከለከለ፤ ሲኤፍዲ በሚባሉት የዋጋ ልዩነት ውሎች ላይም ሌቨሬጁን ከ30 እጥፍ እስከ 2 እጥፍ ገደበ። ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ጥናት ከግለሰብ ሂሳቦች ከ74 እስከ 89 ከመቶው እንደሚከስሩ ያሳያል። ዛሬ በአውሮፓ የሲኤፍዲ ማስታወቂያ ግርጌ የሚነበበው መቶኛ ከዚያ የመጣ ነው። ብሮከሮቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ብዙዎቹ ሌላ ድርጅት በሲሸልስ፣ በቫኑአቱ፣ በሴንት ቪንሰንት አስመዘገቡና ከአውሮፓ ውጭ ያለውን ደንበኛ በ500 እጥፍ ሌቨሬጅ ወደዚያ መሩት። የሴንት ቪንሰንት ባለሥልጣን ደግሞ እኔ ለፎሬክስ ፈቃድ አልሰጥም ብሎ ደጋግሞ አስታውቋል፤ የተመዘገበ ኩባንያና ፈቃድ ያለው ብሮከር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራምና በቲክቶክ ፎሬክስ እናስተምራለን የሚሉ ወጣቶች የሚያስተዋውቋቸው መድረኮች ባብዛኛው ከዚህ ዓይነት ደሴት የሚመጡ ናቸው። የእኛ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ያለ ፈቃድ በዚህ ገበያ አገልግሎት መስጠትን ይከለክላል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጃንዋሪ 2025 ተከፍቶ የመጀመሪያው የተመዘገበ ባንክ ወጋገን ሆኗል። የአገሪቱ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጠውን ደላላ ይቆጣጠራል። ደሴት ላይ ያለው ብሮከር ግን ገንዘብ ሲያስቀር ማን ዘንድ ይከሰሳል?

አሁን ወደ ሜዶፍ ሳንቲም። በ2013 ቭላድ ቴኔቭና ባይጁ ባት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮቢንሁድን መሠረቱ፤ መተግበሪያው በ2015 ለሁሉም ሲከፈት ኮሚሽን ዜሮ ነበር። ገቢው ከየት ይመጣ ነበር? ባብዛኛው ትዕዛዞቹን እንደ ሲታዴል ሴኩሪቲስ ላሉ ገዢዎች በመሸጥ። ኤስኢሲ በዲሴምበር 2020 ባወጣው ውሳኔ ኩባንያው ከ2015 እስከ 2018 ይህን የገቢ ምንጭ ለደንበኞቹ በሚገባ አልተናገረም ብሏል። ውሳኔው ውስጥ ካለው ሁሉ እኔን የያዘኝ የድርድሩ ታሪክ ነው። ገዢዎቹ እንደተለመደው ከትዕዛዙ የሚገኘውን ጥቅም 80 ከመቶ በተሻለ ዋጋ መልክ ለደንበኛው፣ 20 ከመቶ ለደላላው እንደሚሰጡ ለሮቢንሁድ ነገሩት። አንዱ ሲጨምር ሌላው እንደሚቀንስም አስረዱት። ሮቢንሁድ ተገላቢጦሹን ጠየቀ፤ 80ው ለእኔ። ደንበኞቹ ያልከፈሉት ኮሚሽን ሁሉ ተቀንሶላቸው እንኳ 34.1 ሚሊዮን ዶላር ተጎድተዋል ተባለ። ቅጣቱ 65 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከሀብታም ወስዶ ለድሃ በሰጠ ሽፍታ ስም የሚጠራ ድርጅት ይህን ማድረጉ ላይ እኔ ምንም አልጨምርም።

ሌሎቹ ደላሎች ሊቋቋሙት አልቻሉም። ሽዋብ በኦክቶበር 2019 ኮሚሽኑን ዜሮ አደረገ፤ ኢ-ትሬድ በማግስቱ ተከተለ። ዘርፉ ሁሉ በነፃ ሲሠራ ደንበኛው መክፈሉን ያቆመ መሰለው።

ቀጥሎ የኮቪድ ወረርሽኝ መጣ፤ ቤት የዋለ ወጣት ሁሉ ነጋዴ ሆነ። ገና በጅምሩ፣ ማርች 2 ቀን 2020፣ ገበያው በኃይል በተነሣበት ቀን፣ የሮቢንሁድ ሥርዓት ቀኑን ሙሉ ተቋረጠ፤ ስፒትዘር በ1999 የጻፉት ነገር በስልክ መስታወት ላይ ተደገመ። ፊንራ የተባለው የደላሎች ተቆጣጣሪ በጁን 2021 ቅጣትና ካሣ ደምሮ 70 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስከፈለው፤ በተቋሙ ታሪክ እስከዚያ ድረስ ትልቁ ነው። ከክሶቹ አንዱ ለደንበኞች የተሳሳተ የሂሳብ መረጃ ማሳየት ነበር። ኦፕሽን የተባለውን ውስብስብ ውል ለመነገድ የሚያመለክተውን ሰው የሚመዝነው ሰው ሳይሆን ጥቂት ቁጥጥር ብቻ ያለበት ፕሮግራም ነው የሚልም አለበት።

ሕዝቡ የሚያስታውሰው ግን ጃንዋሪ 28 ቀን 2021ን ነው። በወሩ መጀመሪያ ከ20 ዶላር በታች የነበረው፣ ጌምስቶፕ የተባለ የቪዲዮ ጌም ሻጭ አክሲዮን 483 ዶላር በነካበት ጠዋት ሮቢንሁድ የመግዣውን ቁልፍ ዘጋ። መሸጥ ይቻላል፤ መግዛት አይቻልም። ትዕዛዝ የሚገዛው ሲታዴል አዝዞት ነው የሚለው ጥርጣሬ በአንድ ቀን አገሩን ሞላ። በኮንግረስ፣ በማክሲን ዋተርስ ሰብሳቢነት በተካሄደው ምስክርነት ቴኔቭ ሌላ ምክንያት አቀረበ። ገና ሳይነጋ የክፍያ ማጣሪያው ድርጅት 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ማስያዣ ጠይቋል፤ ኩባንያው ያን ያህል አልነበረውም። ማስያዣው በድርድር ወደ 1.4 ቢሊዮን ወረደ፤ በጥቂት ቀናትም ኩባንያው ከባለሀብቶች 3.4 ቢሊዮን ሰበሰበ። የኤስኢሲ ሠራተኞች በዚያው ዓመት ኦክቶበር ያወጡት ዘገባም የማስያዣውን ጫና ይጠቅሳል። ሰው ግን ባያምን አልፈርድበትም። ያመነው ደላላ ትዕዛዙን ለማን እንደሚሸጥ ገና ከአንድ ወር በፊት ነው በቅጣት ውሳኔ የሰማው።

በ2021 የሮቢንሁድ ገቢ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱ ትልልቅ ቅጣቶች ተደምረው ከዚያ 7 ወይም 8 ከመቶ ቢሆኑ ነው። በጃንዋሪ 2025 ኤስኢሲ በሌሎች ጥፋቶች 45 ሚሊዮን ጨመረ።

እንግሊዝ ትዕዛዝ መሸጥን በ2012 ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ከለከለ፤ እንደ ጀርመን ላሉት እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ጊዜ ሰጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ኤስኢሲ በዲሴምበር 2022፣ በጋሪ ጌንስለር ሊቀመንበርነት፣ የግለሰብ ትዕዛዝ ለአንድ ገዢ ከመሸጡ በፊት በጨረታ እንዲወዳደር የሚያደርግ ደንብ አረቀቀ። ረቂቁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተኝቶ በጁን 2025 ከሌሎች ረቂቆች ጋር ተሰረዘ። በሴፕቴምበር 2025 ሮቢንሁድ በኤስ ኤንድ ፒ 500 ዝርዝር ውስጥ ከአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ ሆኖ ገባ፤ ከገቢው ትልቁ ክፍል ያኔም ይመጣ የነበረው የደንበኞቹን ትዕዛዝ ከሚቀበሉት ድርጅቶች ነው።